ድራም ሲያስብ ለኖረ ሰው ድራም የሌለበት መታሰቢያ? ስለ ኸርቢ ኒኮልስና ስለ አንድ የፒያኖ ሶሎ አልበም

ሐይቅ ዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ አልበም ብቻ እየሰማሁ ነው። ባለቤቴ ትናንት ከጓዳ ብቅ ብላ «ይሄ ሰውዬ ፒያኖውን እየፈታው ነው እየገጠመው?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እናንተ ጋ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ተጫዋቹ ሲሞን ናባቶቭ ይባላል። በ1959 ሞስኮ የተወለደ፣ በወጣትነቱ ወደ ኒውዮርክ የሄደ፣ ኋላ ጀርመን አገር ኮሎኝ የከተመ ፒያኒስት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ በኋላ እንዳንጣላ)። አልበሙ ሊዮ ሬከርድስ በ2012 ያወጣው «ስፒኒንግ ሶንግስ ኦቭ ኸርቢ ኒኮልስ» ነው። ቤዝ የለም፣ ድራም የለም፣ ሳክስፎን የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰውና አንድ ፒያኖ። ዜማዎቹ ግን የሌላ ሰው ናቸው።

እንቅልፍ የነሳኝ ያ ሌላ ሰው ነው። ኸርቢ ኒኮልስ በጥር 1919 ኒውዮርክ ተወለደ፤ ወላጆቹ ከካሪቢያን፣ ከትሪኒዳድና ከሴንት ኪትስ የመጡ ነበሩ። ወደ 170 የሚጠጉ ዜማዎች ጽፏል ይባላል። ብሉ ኖት የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በ1955 እና በ1956 አምስት ጊዜ ስቱዲዮ አስገባው፤ በ1957 ደግሞ ለሌላ ኩባንያ አንድ አልበም ቀረጸ። በሕይወት ሳለ በራሱ ስም የወጣለት በአብዛኛው እዚህ ላይ ያልቃል። እንጀራውን የሚበላው የራሱን ሙዚቃ ተጫውቶ ሳይሆን በሰው ባንድ ውስጥ ዲክሲላንድ፣ ማለትም የአባቶቹን ዘመን ጃዝ እየተጫወተ ነበር። በሚያዝያ 1963 በደም ካንሰር ሲሞት 44 ዓመቱ ነበር።

አንዱን ዜማውን ግን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ቢሊ ሆሊዴይ ግጥም ጽፋለት «ሌዲ ሲንግስ ዘ ብሉዝ» ብላ የዘፈነችው የእሱ ነው። ዓለም የዘፋኟን ስም ያዘ፣ ዜማውን የወለደው ቀረ። እኛስ ስንቱን ዘፈን ነው በዘፋኙ ስም ብቻ የምንጠራው?

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ኒኮልስ ሲጽፍ ድራም እያሰበ ነበር። በብሉ ኖት ቅጂዎች ላይ አብረውት የመቱት አርት ብሌኪና ማክስ ሮች ናቸው፤ በዘመኑ ከእነሱ በላይ የለም። በዜማው መሐል ሆን ብሎ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ፒያኖው ይጠይቃል፣ ድራሙ ይመልሳል። እንግዲህ ድራሙን አውጥቶ ብቻውን የተጫወተው ሰው አከበረው ወይስ ግማሽ አካሉን ቆረጠበት?

ለምን እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። ታቦር ተራራ ሥር፣ ቤቴ ውስጥ ለልጆች ኪቦርድ አስተምራለሁ። ገና ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚነኩት ኖታ አይደለም፣ የሪትሙን ቁልፍ ነው። ዱም ታ ዱም ታ ማለት ሲጀምር ፊታቸው ይበራል። ባለፈው ማክሰኞ አንዱን ልጅ ሪትሙን አጥፍቼበት «ያለሱ ተጫወት» ብለው «ቲቸር፣ ብቻዬን?» አለኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።


ባጃጅ 3 ቁጥር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡41

ባጃጅ ውስጥ ከፈትኩት። ከኋላ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ሬዲዮህ ተበላሽቷል» ብለው አዘኑልኝ።


ሃይሃት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡55

ቆረጠበት። አበቃ።

እሺ፣ አላበቃም። አሁን ከሥራ መግባቴ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቅዳሜና እሑድ ድራም እመታለሁ፣ ሠርግ ሲኖር ሠርግ። አምስት ሆነን ነበር የጀመርነው። ከዚያ ቤዝ ተቀነሰ፣ «ኪቦርዱ ቤዝ አለው» ተባለ። ሳክስፎኑ ተቀነሰ። አሁን ባለቤቱ ዋን ማን ባንድ ሊያመጣ ነው ይባላል። አንድ ልጅ ኪቦርዱን አቅፎ ይመጣል፣ ሪትሟን ይጫናል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፍራል፣ የአንድ ሰው ራት ብቻ ይበላል። ስለዚህ «ብቻውን ተጫወተ፣ እንዴት ያለ ጥበብ ነው» ስትሉኝ ደሜ ይፈላል፤ ይቅርታ።

አልበሙን ሰማሁት። ሰውዬው ጣት አለው፣ አልክድም። ግን ከዚያ የ1955ቱን ከብሌኪ ጋር የቀረጸውን ሰማሁ። ብሌኪ እየመታ የድራሙን ቆዳ በክርኑ ይጫነዋል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዜማ ይሆናል። ኒኮልስ አንድ ሐረግ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ብሌኪ ያንኑ ሐረግ በቶሙ (ከከበሮዎቹ በአንዱ) ላይ ይመልስለታል። ሰውዬው የጻፈው ጨዋታ ነው፤ ቅኔ ለመዝረፍ እንኳ ተቀባይ ያስፈልጋል። ናባቶቭ ጥያቄውንም መልሱንም እሱ ነው የሚለው። ከራስ ጋር ማውራት ምን እንደሚባል እናውቃለን።


ሐይቅ ዳር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ወንድሜ ሃይሃት፣ የሆቴሉ ነገር ገብቶኛል። እኔም ከዚህ በፊት ያንን ኪቦርድ ያቀፍኩ ልጅ ሆኜ አውቃለሁ፤ ሦስት ሠርግ፣ ከዚያ አፍሬ ተውኩት። ግን አንድ ልዩነት አለ። ዋን ማን ባንዱ ድራመሩን በማሽን ይተካዋል። ናባቶቭ አልተካውም። ቦታውን ባዶ አድርጎ ነው የተወው፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ።


ሶልፌጅ
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡05

ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ምሳ በልቼ፣ ረጋ ብዬ ነው የምጽፈው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ነው የተማርኩት፤ አሁን እዚሁ ሐዋሳ ነኝ።

መጀመሪያ የኒኮልስ ዜማ ለምን እንግዳ እንደሚሆንብን። በዚያ ዘመን አብዛኛው የጃዝ ዜማ የሚገነባው በ32 ባር (የምት ክፍል) ነው፤ ስምንት ባር፣ ያው ስምንት ባር ይደገማል፣ ሌላ ስምንት መሐል ይገባል፣ የመጀመሪያው ተመልሶ ይዘጋል። ጆሯችን ባያውቀውም ይጠብቀዋል። ኒኮልስ ይህን ቤት ከውጭ ሲያዩት ያው ያስመስለዋል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ግድግዳው ተገፍቷል። ሐረጉ ያልቃል ስትይ አንድ እርምጃ ይጨምራል፣ ይቀጥላል ስትይ ያቆማል። ኮርዶቹም (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ወደ ቤት የሚመለሱት በዋናው በር አይደለም። ከዚያ ሶሎ ሲጫወት እንደ ብዙዎቹ ዜማውን ጥሎ በኮርዱ ላይ ብቻ አይሮጥም፤ ዜማውን እያነሳ፣ እየቆረጠ፣ እያገላበጠ አብሮት ይቆያል። ፒያኒስቱን ቴሎኒየስ ሞንክን ለምታውቁ ዘመዱ ነው፤ እንዲያውም ሞንክ ገና ስሙ ሳይነሳ በ1940ዎቹ ስለ እሱ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ኒኮልስ ራሱ ነው። ሞንክ ግን ጊዜው ደረሰለት፣ ኒኮልስ ሳይደርስለት ሞተ።

አሁን ወደ ድራሙ። ሃይሃት ወንድሜ፣ ፒያኖን እኮ ስትከፍተው ውስጡ መዶሻ ነው። 88 ቁልፍ፣ ከ200 በላይ ጅማት፣ እያንዳንዱን የሚመታ በሱፍ የተጠቀለለ መዶሻ። የናባቶቭን ግራ እጅ ለብቻው ስማው። ቤዝ እየተጫወተ አይደለም። ከታች ያሉትን ወፍራም ጅማቶች አጠር አጠር አድርጎ፣ ፔዳሉን ሳይረግጥ ነው የሚመታቸው። እኔ ድራም የሰማሁት እዚያ ነው። ቀኝ እጁ የመንግሥት ኮንሰርቫቶሪ ልጅ መሆኑን መደበቅ ሲያቅተው ደግሞ ትንሽ ይሰለቸኛል፤ አንዳንዴ ይበዛል፣ ቦታ ሁሉ ይሞላል። እዚያ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

ግን አንድ ነገር ላጫውትህ። ኒኮልስ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሮዝዌል ረድ የሚባል ወጣት ትሮምቦን ተጫዋች አጠገቡ ነበረ፤ ከእሱ ተማረ። ይህ ረድ በ1990ዎቹ፣ መምህሩ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ያልተቀረጹ ዜማዎቹን ሰብስቦ በሁለት አልበም አወጣ። መሣሪያዎቹ ምን ይመስሉሃል? ትሮምቦን፣ ጊታር፣ ድራም። ፒያኖ የለም! የፒያኒስቱ ተማሪ ፒያኖውን አውጥቶ ጣለው። እሱስ ቆረጠበት እንበል?


ሃይሃት
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡30

እህቴ፣ ድራሙን አልጣለም አይደል? ለኔ ይበቃኛል 😄

(ግራ እጁን ለብቻው እሰማዋለሁ። ቃል ነው።)


የናዝሬት ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ከአዳማ ሰላምታ። (ስሙን ቀይር የምትሉኝ፣ እናቴ እስካሁን ናዝሬት ነው የምትለው፤ ከእሷ ጋር ተነጋገሩ።)

አንድ ነገር ላቁም። ኒውዮርክ ሄዳችሁ ያልታወቀ ሰው የምታድኑት የኛዎቹ አልቀው ነው? ጋሽ ግርማ በየነን ውሰዱ። ፒያኒስት፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ዘፋኝ። የ60ዎቹን የአዲስ አበባ ወርቃማ ድምፅ ከሠሩት እጆች አንዱ የእሱ ነው፤ የስንቱን ዘፈን ቅንብር እሱ እንደሠራው ሳናውቅ ስንጨፍርበት ኖረናል። አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ሙዚቃውን ለረጅም ዓመታት ትቶት ነበር። በ2017 ነው አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ኢትዮፒክስ በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 30ኛ ቅጽ የተመለሰው። ስሙን እንኳ አማርኛ ያወጡት ፈረንጆች ናቸው የመለሱልን!

ኔርሲስ ናልባንዲያንስ? ቤተሰቡ አርመናዊ፣ ሥራው ሁሉ እዚህ። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ፣ የዛሬውን የብሔራዊ ቴአትር ኦርኬስትራ ያሠለጠነ፣ ከኋላው የመጡትን ያስተማረ ሰው። በ1977 ሲሞት ስንት ሰው አወቀው? በአጎቱ በኬቮርክ ስም ሁሉም ይምላል፣ ኬቮርክ ስለመራቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች፣ ስለ አርባዎቹ ልጆች፣ ሁሉም ያወራል። ኔርሲስን ግን የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ነው ተነስቶ የተጫወተለት።

ፒያኖ ብቻውን ካላችሁ ደግሞ እማሆይ ፅጌ ማርያም አሉ። ሶሎ ጃዝ ፒያኖ ፍለጋ ኮሎኝ ድረስ ምን አስኬደን?


ሶልፌጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

በግርማና በኔርሲስ እጄን አውጥቼ እስማማለሁ። በእማሆይ ግን አንድ ማስተካከያ፦ ጃዝ አይደሉም። ፈረንጅ የሚለውን ተቀብለን ነው እንዲህ የምንለው። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩ፣ ካይሮ የቀጠሉ፣ ከዚያ መንነው ግሸን ማርያም የገቡ ሰው ናቸው። አንድ ጆሯቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ አንድ ጆሯቸው ሾፓን ነው። የሚንሳፈፈውን ምታቸውን ጃዝ የሰማ ሰው ጃዝ ይመስለዋል፤ ቅዳሴ ቆሞ ያደረ ሰው ግን ከየት እንደመጣ ያውቀዋል።

ደግሞ «ያልታወቁ» ልንላቸው አንችልም። በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ወጣ፣ በ2006 ኢትዮፒክስ 21 ሙሉውን የእሳቸው ሆነ፣ በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ ኖታቸው በመጽሐፍ ታተመ። በመጋቢት 2023፣ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም ሁሉ ጻፈ። ያልታወቁት እኛ ሰፈር ነው እንጂ።


ባጃጅ 3 ቁጥር
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡04

የእማሆይን ከፈትኩ። ተሳፋሪው «ወደ ገብርኤል ነው አይደል የምትሄደው» አለኝ። ወደ አሞራ ገደል አሳ ሊበላ ነበር የተሳፈረው።


አወያይ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ክሩ ከኒኮልስ እንዳይርቅ፤ ስለ ኢትዮጵያ አቀናባሪዎች ራሱን የቻለ ክር መክፈት ይቻላል። ባጃጅ 3 ቁጥር፣ አንተ ቀጥል።


ዶሴ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

አልርቅም አወያይ፣ ግን በሌላ በር ልግባ። ሥራዬ ሕግ ነው፤ ሙዚቃ የማውቀው በጆሮ ነው።

ኒኮልስ ከሞተ በኋላ ብዙው የእጅ ጽሑፉ አባቱ ቤት ውኃ ገብቶ ተበላሽቷል። ታዲያ ዛሬ ከቅጂው ውጪ ያሉ ዜማዎች እንዴት ተገኙ? አንዱ መንገድ ሶልፌጅ ያነሳችው ተማሪው ረድ ነው፤ በ2000 ያልታተሙትን በኖታ መጽሐፍ አወጣቸው። ሌላው መንገድ ግን እኔን ነው የሚያስደስተኝ። ፍራንክ ኪምብሮ የሚባል ፒያኒስትና ቤን አሊሰን የሚባል ቤዚስት በ1990ዎቹ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። ለምን? ኒኮልስ በሕይወት ሳለ የቅጂ መብቱን ሲያስመዘግብ የኖታውን ግልባጭ ያስገባው እዚያ ስለነበር ነው። ቤት ያለው ጠፋ፣ መዝገብ ቤት የገባው ቆየ። ከዚያ በኸርቢ ኒኮልስ ስም ቡድን አቋቁመው ሦስት አልበም አወጡ።

ወደ እኛ ስመለስ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው (ሐይቅ ዳር፣ ይሄኛው በእኛው አቆጣጠር ነው፣ አዋጅ በፈረንጅ አይቆጠርም)። በዚህ አዋጅ አንድ ዜማ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልገውም። ወጥ ሥራ መሆንና ግዙፍነት ማግኘት ነው የሚፈለገው፤ ማለትም በወረቀት፣ በካሴት፣ በስልክ፣ በምንም ይሁን ተይዞ መቀመጥ። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ሰው አፉ ላይ ብቻ ያለ ዜማ ይዞ ከሞተ ሕጉ የሚይዘው ነገር የለውም። ልጆቹ ችሎት ፊት ቆመው ሊያንጎራጉሩ አይችሉም።

ሐይቅ ዳር፣ የምታስተምራቸው ልጆች ዜማ ሲፈጥሩ ስልክህን ክፈትና ያዝላቸው። ቀኑን ተናገርበት።


የድሮ ፒያሳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ይህን ሁሉ ልጄ አንብቦልኝ ነው፤ የሚጽፍልኝም እሱ ነው። ጃዝ አላውቅም። «አፉ ላይ ዜማ ይዞ የሞተ» የሚለው ላይ ግን አስቁሜው ደግሜ አስነበብኩት።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ሐዋሳ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ከተቀባዮቹ አንዷ ነኝ፣ ድምፄም ለክፉ አይሰጥም ነበር። አንድ አኮርዲዮን የሚጫወት ልጅ ነበረን። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሻሂ በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ። የምንዘፍነው ያው የዘመኑን ነው፣ የታዘዝነውን። ልምምድ ሲያልቅና ኃላፊው ሲወጣ ግን ያ ልጅ የራሱን ይጫወትልን ነበር። ግጥም የላቸውም። ስም እንኳ አያወጣላቸውም፣ «የሰኞዋ»፣ «የዝናቧ» እያልን እኛ ነበርን የምንጠራቸው። ኋላ ወደ ሰሜን ዘመተ። አልተመለሰም።

ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ገበያ ስሄድ ከሙዚቃ ቤት «የዝናቧ» ስትዘፈን ሰማኋት። ገብቼ ካሴቱን አገላብጬ አየሁ። «ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። ለማን እናገራለሁ? ገዛሁትና ወጣሁ።

ሦስቱን ዛሬም አውቃቸዋለሁ። ሽሮ ሳማስል ነው የሚመጡልኝ።


ሐይቅ ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

እትዬ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ልጅዎ ስልኩን ይክፈትና አንጎራጉረው ይቅረጽልዎት። ደህና ስልክ ከሌለ እኔ እመጣለሁ፤ ሐዋሳ ውስጥ የትም ቢሆን።


ዶሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ቀኑንና የልጁን ሙሉ ስም ቅጂው ላይ ይናገሩ እትዬ። እዚህ መድረክ ላይ ግን ስሙን አይጻፉ፤ መጀመሪያ ቤተሰቡ ይገኝ።


የናዝሬት ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ትናንት የጮኽኩት ሁሉ በአንድ ሽሮ ድስት ተሸነፈ። እማማ፣ እጅ ነስቻለሁ።


ሶልፌጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

የእትዬ ቅጂ በልጃቸው በኩል ደረሰኝ፤ በፈቃዳቸው ነው የምጽፈው። ሦስት ዜማ ነው፣ ከኋላ የድስት ክዳንና የጎረቤት ዶሮ አለበት። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ ኖታ ላይ ለማስቀመጥ።

«የሰኞዋ» የትዝታ ቅኝት ናት፣ ደህና ናት፣ ብዙ ዘመድ አላት። «የዝናቧ» ግን ሌላ ናት። በባቲ ቅኝት ትጀምራለች። አራት፣ አራት፣ አራት እያልኩ ስቆጥር ሦስተኛው ሐረግ ላይ ሁለት ምት ተረፈኝ። እትዬ ተሳስተው መሰለኝ። ደግሜ ሰማሁ፤ በሁለተኛውም ዙር፣ በሦስተኛውም ያችው ቦታ ላይ ሁለት ምት ትተርፋለች። ትንፋሽ እያጠራቸው እንዳልሆነ ደግሞ በዝምታው ውስጥ ጣታቸው ድስቱን ሲነካ ይሰማል። እየቆጠሩ ነው።

ፒያኖ ላይ ሞከርኩት። ኮርድ ስሰጠው ይሞታል፤ ሜጀርም ማይነርም አይቀበልም። መጨረሻ ላይ ግራ እጄን አንስቼ በቀኝ እጄ ብቻ ተጫወትኩት፣ ያችን ሁለት ምት ሳልሞላ። ያኔ ነው የቆመልኝ። ናባቶቭን «ቦታ ሁሉ ይሞላል» ብዬ የተቸሁትን አስታወስኩና አሁን ገባኝ፤ ባዶ ቦታ ፊት ለፊት ተቀምጦ እጅን ማሰር እንዴት እንደሚከብድ።


ሐይቅ ዳር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ያንን «ብቻዬን?» ያለኝን ልጅ ዛሬ «ብሉ ቾፕስቲክስ» የተባለችውን የኒኮልስን ዜማ አሰማሁት። በሁለት ጣት ከሚጫወቷት የታወቀች የልጆች ጨዋታ ነው የተነሳው፤ ልጁ ወዲያው አወቃት፣ «ቲቸር፣ እየቀለደ ነው!» አለ። አዎ፣ ኒኮልስ ይቀልዳል። ይህን እስካሁን ማንም አላነሳውም፤ ያለቀስንለት ሁሉ ሳቁን ረስተንበታል።

ከዚያ ሪትሙን ራሱ አጠፋና ሞከረ። ሦስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ያው ዱም ታ ዱም ታ። እኔም አልተቆጣሁም።


ሃይሃት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6፡20

ቃሌን ልፈጽም። የናባቶቭን ግራ እጅ ለብቻው ሰማሁ። ከዚያ ብሩሾቼን አውጥቼ በትራስ ላይ አብሬው ለመምታት ሞከርኩ (አከራዬ ድራም አይፈቅዱም)። መጀመሪያ ቦታ አጣሁ። የምገባበት ቀዳዳ የለም፣ ሰውዬው ቀድሞኝ ይገባል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ግን መምታቴን ትቼ ጠበቅሁ። አለ። ቀዳዳው አለ። ትንሽ ነው፣ የዱላ ጫፍ ነው የሚገባበት፤ ግን ለኔ የተተወ ይመስላል። ሁለተኛው ዙር ላይ ጠፋብኝ፣ ሐረጉ ከጠበቅሁት በላይ ሄደ።

«ቆረጠበት» ያልኩትን ግማሹን እመልሳለሁ። ግማሹ የሆቴሉ ባለቤት ነው።

እትዬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። «የዝናቧ» ላይ ኪነቱ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር? ምቱ ምን ይመስል ነበር?


የድሮ ፒያሳ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ልጄ፣ ድራም ከየት አምጥተን። ከበሮዎቹ ለሰልፍ ብቻ ናቸው፣ ኃላፊው ቆልፎባቸው ነው የሚሄደው። ወንበር ነበር የምንመታው፣ የጣውላ ወንበር፣ መቀመጫውን። ሁለቱን ጠበቅ፣ ሦስተኛውን ላላ፣ ከዚያ ሁላችንም ዝም። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ አኮርዲዮኑን ሳይነፋ ይይዘዋል።


ሃይሃት
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡22

ዝም የምትሉት ስንት ይቆያል እትዬ?


የድሮ ፒያሳ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡40

እሱ እስኪገባ ነዋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኑ፤ ቡና አለ። የሙዚቃዋም ልጅ፣ የኪቦርዱም መምህር፣ አንተም። የናዝሬቱ ከመጣ መንገዱን ልጄ ይነግረዋል። መብራት ቢሄድ ለኪቦርዱ ነው እንጂ ለወንበሩ አይቸግርም።


ባጃጅ 3 ቁጥር
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡44

ከገብርኤል በር ላይ ሁላችሁንም አነሳለሁ። ሦስት ሰው ነው የሚፈቀደው፤ ኪቦርዱ ይከፍላል።